የእረፍት ተራ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን

ለጓደኛዬ ለሽሮፕ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን እንዴት እንደሰነበትሽ ደብዳቤሽ ነግሮኛል። ተናደሽ ነው የሰነበትሽው። ልክ ነሽ። መስከረም ሠላሳ ሐሙስ አጠገብሽ ነኝ ብዬ ቀረሁ። በሁለት መስመር የጻፍሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ገጽ ሞልተሽ ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

የቀረሁበትን ልንገርሽ። ረቡዕ ዕለት ሻንጣዬን ሸክፌ፣ ትኬቴን ይዤ፣ ቢሮ ለአንድ ሰዓት ብቻ ብቅ ልበል ብዬ ገባሁ። ጥፋቴ እሱ ነው። ገና ወንበሬ ላይ ሳልቀመጥ አንዱ ሹፌር ወገቤን ያዘኝ አለ፣ ሌላዋ ልጇ ታመመ፣ ሥራ አስኪያጃችን ደግሞ አዲሱ መስመር ከነገ ጀምሮ ይከፈታል ብሎ ወሰነ። ከነገ! መቶ አርባ ሹፌር ማን ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ በየትኛው መስመር እንደሚነዳ የማወጣው እኔ ነኝ። ስምሪት ክፍል ሲሉሽ ብዙ ሰው ይመስልሻል፤ እኔና አንድ እያቃሰተ የሚነሣ ኮምፒዩተር ነን። ሁሉን አሰማርቼ ቀና ስል የኔው አውቶቡስ ሄዷል።

ለምን አልደወልሽም ላልሽኝ፣ ስልክ እንተው ያልሽው አንቺ ነሽ። "'ቆይ አንዴ' የምትይኝ ከሰላምታው ይበዛል፤ ወረቀት ላይ ቆይ አንዴ ማለት አትችይም" አላልሽም? እሺ፣ እውነቱን ልናገር። ልደውል አስቤ ፈራሁሽ።

ለዋናው አልተመዘገብኩም። የዋና ልብሱን ግን ገዝቻለሁ፤ ከነዋጋ ወረቀቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሏል። አርባ ዓመት ሳይሞላኝ ውኃ ላይ እንሳፈፋለሁ ብዬ በአንቺ ፊት መማሌን አልረሳሁም። ገና አሥራ አንድ ወር አለኝ።

ይልቅ አንድ ነገር ንገሪኝ። ለምን ነበር የፈለግሽኝ? "ሦስት ቀን ብቻ ነይልኝ" ብለሽ አታውቂም።

ያንቺው፣ አንቺው ባወጣሽልኝ ስም፣
ስምሪት


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ለስምሪት፣

አልተቆጣሁም። አልተቆጣሁም ስልሽ እመኚኝ፤ "ተቆጥተሻል ወይ" ብለሽ አትጠይቂኝ። ሰው አልተቆጣሁም እያለ ደጋግሞ ሲጠየቅ ነው የሚቆጣው።

የፈለግሁሽ ለምንም አይደለም። ሰው አማረኝ፤ በቃ። ጽሑፌ የተንጋደደው ደግሞ ተኝቼ ስለምጽፍ ነው። ስንፍና ነው በይው።

አንቺ ግን ቆሽቴን ታሳርሪዋለሽ። ባለፈው ዓመት መጥተሽ መድኃኒት ቤቴ ባንኮኒ ላይ ተደግፈሽ ምን ነበር ያልሽኝ? እያንዳንዱ አውቶቡስ በየአሥራ አምስት ቀኑ ጥገና ካልገባ ከግቢ አላስወጣም፤ ሞተር ሰው አይደለም፣ አይለመንም አላልሽም? እኮ! ለብረቱ ስታዝኚ ለራስሽ ያላዘንሽው ምን በድለሽ ነው? የመቶ አርባ ሰው እረፍት የምታወጪ ሴት የራስሽን እረፍት የት መዝገብ ላይ ነው የጻፍሽው?

"ሳምንቱ ያልቅብኛል" ማለት ትወጃለሽ። ሳምንት ለሁሉም ሰባት ቀን ነው፣ እህቴ። አንቺ ጋ ሲደርስ ብቻ አያጥርም።

ረቡዕ ከሥራ መልስ ትመዘገቢያለሽ። ያን ልብስ ከነወረቀቱ ለአይጥ አታወርሺውም። ከገንዳው ወጥተሽ ጻፊልኝ፤ ሳትገቢ እንዳትጽፊ።

ያንቺው ሽሮፕ


ሐሙስ፣ ጥቅምት 21 ቀን

ለሽሮፕ፣

ገባሁ! ጉልበቴ ድረስ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ፣ አፍንጫዬ ውኃ እስኪጠጣ ድረስ ገባሁ።

ማን እንደሚያስተምረን ልንገርሽ፤ አሰልጣኛችን ስድሳ የሞላቸው ሴትዮ ናቸው፤ አንገታቸው ላይ ፊሽካ አንጠልጥለው ከዳር ሆነው ይጮሁብናል። "አንቺ! ውኃውን ምን አድርጎሽ ነው የምትደበድቢው?" አሉኝ። "እየዋኘሁ ነው፣ እትዬ" ስላቸው "ተይው፣ አንቺ የምትዋኚ ሳይሆን የምትጣዪ ነው የምትመስዪው" አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁና ውኃ ዋጥሁ። ስንት ጊዜዬ ነው እንደዚያ ከሳቅሁ? ስልኬ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም "የት ነሽ" አላለኝም። ስወጣ ሰውነቴ የሌላ ሰው መሰለኝ፤ ቀለለኝ።

መጨረሻው ግን የኔ ሥራ ነው። ስልኩን ከፈትኩ፤ ሰባት ጥሪ። አዲሱ መስመር ላይ ለነገ ጧት ሹፌር የለም። ማንን ደወልኩ መሰለሽ? ዝምታውን። ነግሬሻለሁ መሰለኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የነዱ፣ ቃል የማይወጣቸው አንጋፋ ሹፌር ናቸው። ሌሎቹ ስደውል ስልክ አያነሡም፤ እሳቸው በሁለተኛው ጥሪ "እሺ፣ ልጄ" ይሉኛል። በእረፍት ቀናቸው ስጠራቸው ይህ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ባይኖሩልኝ ምን ይውጠኝ ነበር!

ጽሑፍሽ አሁንም ተንጋዷል። አልጋ ላይ ነው የምትውዪው እንዴ? ለኔ ታስተምሪያለሽ፣ አንቺ ግን አትነሺም።

ያንቺው ስምሪት


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30 ቀን

ለሽሮፕ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደህና ነኝ።

ዋናውን ትቼዋለሁ። ሰዓቱ አልተመቸኝም። ሁለተኛው ትምህርት ጥሩ ነበር፣ ደህና ነበር። ቢሮ ትንሽ ነገር ተፈጥሮ ሥራ በዝቶብኛል እንጂ እኔ ደህና ነኝ። እንቅልፍሽ እንዴት ነው ላልሽኝም ደህና ነኝ።

በዚህ ወር የምመጣ አይመስለኝም። አትቀየሚኝ። ደህና ነኝ።

ስምሪት


ሐሙስ፣ ኅዳር 5 ቀን

ስምሪት፣

ሰላምታውን ዝለይው።

በአንድ ግማሽ ገጽ አራት ጊዜ "ደህና ነኝ" ብለሻል። መድኃኒት ቤት ስምንት ዓመት ቆሜአለሁ፤ ደህና የሆነ ሰው አራት ጊዜ ደህና ነኝ አይልም። አራት ጊዜ የሚለው የሐኪም ወረቀቱን ከኋላው የደበቀው ነው።

ምን ሆንሽ? ትንሽ ነገር ያልሽው ምንድን ነው? እኔ አልጠየቅሁም፣ ወሬው ራሱ መጣልኝ። የመድኃኒት ካርቶን የሚያመጣልኝ የመኪና ሹፌር ከእናንተ ከተማ ነው የሚነሣው። አደባባዩ ጋ አውቶቡስ አጥር ጥሶ ገባ፣ ባለፈው ሳምንት ረቡዕ፣ አመሻሹ ላይ አለኝ። ሰው ሞተ ወይ ስለው እኔ እንጃ አለ። ምን ዓይነት ሰው ነው እንደዚህ ያለ ወሬ ግማሹን ይዞ የሚመጣ!

የናንተ አውቶቡስ ነው? ዝምታው ናቸው? ረቡዕ አመሻሽ አንቺ ገንዳው ውስጥ ነበርሽ?

አንድም ነገር ሳታስቀሪ ጻፊልኝ። ከዚህ በኋላ "ደህና ነኝ" የሚል ወረቀት ከላክሽልኝ እመልሰዋለሁ።

ሽሮፕ


ረቡዕ፣ ኅዳር 11 ቀን

ለሽሮፕ፣

አዎ፤ ለሦስቱም።

ማንም አልሞተም። ይህን አስቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ። ትኬት ቆራጯ የትከሻዋ አጥንት ተሰብሯል፤ አራት ተሳፋሪ ተላልጧል። ዝምታው ግንባራቸው ላይ ስድስት ስፌት አላቸው። ማዕዘኑ ላይ ዓይናቸው ተከደነ። ብሬክ አልያዙም፣ መሪም አላዞሩም፤ አውቶቡሱ በራሱ ጊዜ ሄዶ የትምህርት ቤት አጥር ውስጥ ገባ። ልጆቹ ወደ ቤት ከሄዱ ሁለት ሰዓት አልፎት ነበር።

እኔ ደግሞ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ "ሆድሽን ወደ ላይ አድርጊ!" ሲሉኝ ሆዴን ወደ ላይ አድርጌ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ተንሳፍፌ ነበር። ከውኃ ወጥቼ ስልኬን ስከፍት ሠላሳ አንድ ጥሪ። አንድ ጊዜ ዞር ብል የሆነው ይህ ነው! ስንት ዓመት ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ምንም አልሆነም። አትምከሪኝ፣ እኔ ለእረፍት አልተፈጠርኩም።

አሁን ሌላ መጣብኝ። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶኝ አዲስ የስምሪት ወረቀት ሰጠኝ። የጥቅምት ነው፤ በንጹሕ ወረቀት እንደገና ተጽፏል። ዝምታው እሑድና ሰኞ ሙሉ እረፍት እንደወሰዱ ይላል። እውነቱ ግን ከጥቅምት አሥራ ዘጠኝ እስከ አደጋው ቀን አንድም ቀን አላረፉም። "ፈርሚበት። አጣሪ ኮሚቴው ነገ ዛሬ ሳይል ይመጣል" አለኝ። "ጋሼ፣ እኔ እኮ ያወጣሁት እንዲህ አይደለም" ስለው፣ "አውቃለሁ። ያወጣሽው ቢታይ መጀመሪያ የምትሄጂው አንቺ ነሽ። ስለ ሰውየው አትጨነቂ፣ ጡረታው ቀርቧል" አለኝ። ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም።

ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ባልፈርም ስምንት ዓመት የለፋሁበትን ወንበር አጣለሁ። ብፈርም ዝምታው እረፍት ወስደው ሳለ መሪ ላይ ተኙ ይባላል። ምን ላድርግ? እባክሽ ቶሎ መልሺልኝ።

ስምሪት


ማክሰኞ፣ ኅዳር 17 ቀን

ስምሪት፣

ምን ላድርግ ላልሽኝ፣ ፈርሚም አትፈርሚም አልልሽም። እጅሽን ይዤ የማስፈርም ልጅ አይደለሽም።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ገንዳውን ተይው! ገንዳው ምን አደረገ? ሰውየው ዓይናቸው የተከደነው አንቺ አንድ ሰዓት ስለተንሳፈፍሽ ነው? ዘጠኝ ቀን ሳያርፉ ስለነዱ ነው። ዘጠኝ ነው አይደል? ከደብዳቤዎችሽ ቆጠርኩት። እሺ የሚል ሰው አገኘሽና ጨረስሽው። ክፋት አይደለም፤ አውቃለሁ። አንቺም ራስሽን ስለጨረስሽ ሰው እንደሚያልቅ ረስተሽው ነው።

አሁን እኔም የደበቅሁትን ላውጣ። ደብቀሽኛል ብዬ ስጮህብሽ ከርሜ እኔ ዝም ልል አልችልም።

መስከረም ሠላሳ የፈለግሁሽ ሰው አምሮኝ አልነበረም። ጡቴ ሥር እብጠት ነበረኝ፤ ያን ቀን ነው የወጣልኝ። ተረጋጊ፤ ውጤቱ መጥቷል፣ ክፉ ነገር አልተገኘበትም። ጽሑፌ የተንጋደደው ቀኝ እጄን ማንሣት አቅቶኝ ነው። ለምን አልነገርሽኝም ትያለሽ። ብነግርሽ ወይ ሥራሽን ጥለሽ እየተሳቀቅሽ ትመጫለሽ፣ ወይ ቀርተሽ ዕድሜሽን ሙሉ ይቆጭሻል። በገዛ ፈቃድሽ፣ ለኔ ብለሽ ብቻ እንድትመጪ ፈለግሁ። ቂልነት ነው። ሰው ሲፈራ ቂል ይሆናል።

ሆስፒታል ቅጹ ላይ "የቅርብ ሰው" የሚል መስመር አለ። ያንቺን ስልክ ጻፍኩ። ነርሷ ደወለች። አነሣሽው። "ቆይ አንዴ፣ ሌላ መስመር ላይ ነኝ" ብለሽ ዘጋሽባት። ነርሷ አየችኝና "ሌላ ሰው አለሽ?" አለችኝ። የጎረቤቴ የጡረተኛዋ ታይፒስት ስልክ ትዝ አለኝ፤ መጥተው ፈረሙልኝ። ከዚያ በፊት የግፊት ክኒን ከመሸጥ ሌላ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አናግሬአቸው አላውቅም።

ይህን የጻፍኩት እንድታለቅሺ አይደለም። ብታለቅሺም አልቃወምም።

ሽሮፕ


ሐሙስ፣ ኅዳር 26 ቀን

ለሽሮፕ፣ ለእህቴ፣

ያችን ጥሪ አስታወስኳት። ቁጥሩን አላወቅሁትም። ሴት ነበረች፣ ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ "ይቅርታ፣ ከ..." አለች፤ ከየት እንደሆነ ሳትጨርስ ቆረጥኳት። ቢሮ ቁጭ ብዬ ደብዳቤሽን እያነበብኩ "ከ..." የሚለው ጆሮዬ ላይ ቀረ። ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ ልጽፍ ስድስት ወረቀት ቀደድኩ። ሰባተኛው ይህ ነው፤ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ።

ቅዳሜ ዝምታው ቤት ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የተሰበረ ሬዲዮ ይፈታሉ፤ ግንባራቸው ላይ ፕላስተር አለ። ሲያዩኝ ለመነሣት ሞከሩ፤ እንደዚያ ሲነሡልኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ባለቤታቸው ግን አልተነሡም፤ አዩኝና ገቡ።

"ጋሼ፣ ደክሞኛል ለምን አላሉኝም?" አልኳቸው።

የሬዲዮውን ብሎን መሬት ላይ አስቀመጡ። ከዚያ "ልጄ፣ ስትደውዪልኝ ድምፅሽ ከኔ የባሰ ደክሞት ነበር። እንዴት ብዬ እምቢ ልበልሽ?" አሉኝ።

በስምንት ዓመት ከአፋቸው የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ነው። እሳቸው ያዘኑት ለኔ ነው፣ ሽሮፕ! እኔ ሰው የሚያዝንልኝ አጥቼ ነው የምሮጠው ይመስለኝ ነበር።

ሰኞ ዋናውን ወረቀት፣ እኔ በእጄ የሰረዝኩትንና የደለዝኩትን፣ ለአጣሪ ኮሚቴው ሰጠሁ። ዘጠኙን ቀን በጣቴ አሳየኋቸው። ሦስት ጊዜ ከእረፍታቸው የጠራኋቸው እኔ ነኝ አልኩ። አዲስ የተጻፈውንም አወጣሁ፤ ከማን እንደተቀበልኩት ሲጠይቁኝ ተናገርኩ። ሥራ አስኪያጁ ማዶ ተቀምጦ ብዕሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

ዝምታው ነጻ ወጥተዋል፤ አንድ ወር አርፈው ይመለሳሉ። ሥራ አስኪያጁን የበላዮቹ ጠርተውታል፤ መጨረሻውን አላውቅም። ትኬት ቆራጯን ልጠይቅ ሄጄ ነበር፤ ልታናግረኝ አልፈለገችም። መብቷ ነው።

እኔ ከስምሪት ክፍል ተነሥቼ የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ተመድቤአለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ጃንጥላና መነጽር የረሳ ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ከጧቱ ሁለት እገባለሁ፣ አሥራ አንድ ላይ እወጣለሁ። በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከቦታው የተነሣ ሰው ማልቀስ ነበረበት፤ እኔ ግን ለምን እንደተናደድኩ ልንገርሽ? በኔ ቦታ ሁለት ሰው ተቀመጠ። ሁለት! አንድ ረዳት ስጡኝ ብዬ ስድስት ዓመት ለምኜ በጀት የለም ሲሉኝ የነበሩ ሰዎች! ኮምፒዩተሩንም ቀየሩት።

ትናንት ገንዳው ጋ ተመልሼ ሄድኩ። አልተንሳፈፍኩም፤ ሰመጥኩ። አሰልጣኟ "የት ጠፍተሽ ነው?" አሉኝ። "ሥራ ላይ፣ እትዬ" አልኳቸው።

ያልወሰድኩት እረፍት አምሳ አንድ ቀን ነው ተባልኩ። ቅዳሜ ጧት እነሣለሁ። ቢሮ አልገባም፤ ከቤቴ በቀጥታ።

ስምሪት


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን

ለጠፉ ዕቃዎች ክፍል ኃላፊ፣

በሰላም መግባትሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ደስ ያላለኝን ልዘርዝር።

ስድስት ቀን ልታርፊ መጥተሽ የመጀመሪያውን ቀን መደርደሪያዬን ገለባበጥሽው። የሳል መድኃኒት ከልጆች ቅባት ጎን ምን ያደርጋል አልሽና ሁሉን በምታውቂው መንገድ አሰማራሽው። እስከ ዛሬ አንድ ነገር ፈልጌ አላገኝም። ትናንት አንድ ሰው የዓይን ጠብታ ሲለኝ አሥር ደቂቃ ከነመሰላሉ ዞርኩ። ሁለተኛውን ቀን እስከ ሰባት ሰዓት ተኛሽ። ትንፋሽሽ መኖሩን ለማየት ሁለት ጊዜ ገባሁ። ሦስተኛውን ቀን ጠባሳዬን አሳየሁሽ፤ እጄን ይዘሽ ቁጭ አልሽ፤ ደንበኛ ሲያንኳኳ እንኳ አለቀቅሽኝም። ለዚህኛው አልወቅስሽም።

የምወቅስሽ ለመናኸሪያው ነው። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል በመስኮት ብቅ ብለሽ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "አንቺስ? መድኃኒት ቤቱን የምትዘጊው መቼ ነው?" ብለሽ ጮኽሽ። መልስ እንዳልሰጥ ሄድሽ። ትናንት በመጣው ደብዳቤሽ ደግሞ "ዘጋሽ ወይ?" ብለሽ በትልቁ ጽፈሻል።

ስንት ቀን ተናደድኩብሽ። ስንቱን ስመክርሽ ኖሬ፣ እኔ በስምንት ዓመት ውስጥ በሬን የዘጋሁት ሆስፒታል የተኛሁባቸውን ሦስት ቀናት ብቻ መሆኑን መቼ ቆጠርኩት? አንቺ ቆጠርሽው።

እሑድ ዘጋሁ። "ዛሬ ዝግ ነው" ብዬ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ። ከውስጥ ሆኜ ሰዎች መጥተው ሲያነቡት ሰማሁ። አንዷ "ምን ሆና ነው? ሞተች እንዴ?" አለች። ልክፈት ብዬ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ያዝኩ። ቤቴን ጠረግሁ፤ የተጠረገ ነበር። ልብስ አጠብኩ። አራት ሰዓት እንኳ አልሆነም! ሰው እንዴት ነው ቀኑን የሚጨርሰው?

መጨረሻ ላይ ጎረቤቴ ጋ ሄድኩ። በሩን ከፍተው ሲያዩኝ ክው አሉ።

"ምን ሆንሽ፣ ልጄ? ቁስሉ አመመሽ?"

"ምንም አልሆንኩም፣ እትዬ።"

"መድኃኒት ይዘሽልኝ መጣሽ? የኔ ክኒን እኮ አላለቀም።"

"አልያዝኩም። እንዲያው ልጠይቅዎት ነው።"

አላመኑኝም። አስገብተው ትራስ ከጀርባዬ አደረጉልኝ፤ ግንባሬን ዳሰሱ፤ አንድ ብርጭቆ ውኃ አቀረቡ። ከዚያ ከፊቴ ቁጭ ብለው የመጣሁበትን ነገር እስክናገር ጠበቁኝ። እኔም የመጣሁበት ነገር ስለሌለኝ ጠበቅኋቸው። እንደዚያ ተፋጠን ስንቆይ እሳቸው ቀድመው ሳቁ። ከዚያ ስለ ሥራ ዘመናቸው ጀመሩልኝ፤ ስለ አንድ አለቃቸው፣ ስለ አንድ ፊደል ስህተት፣ ማቆሚያ የለውም። እስከ አሥር ሰዓት አልተነሣሁም።

ግን አንድ ነገር ቸግሮኛል፤ ቀልድ እንዳይመስልሽ፣ ከምሬ ነው የምጠይቅሽ። ስምንት ዓመት ሙሉ እጆቼ ባንኮኒ ላይ ነበሩ። እሑድ ግን ጭኔ ላይ አደረግኋቸው፣ አጣጠፍኳቸው፣ ብርጭቆውን ያዝኩባቸው፤ የትም አልሆን አሉኝ። ሰው ሲያርፍ እጁን የት ነው የሚያደርገው?

ሽሮፕ